የቦራ ደም

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ልናዘዝ። ከማን እንደወረስኩትም አውቃለሁ። እናቴ ራቤል ገበያ እንቁላል ስትገዛ፣ እዚያው ሻጯ ፊት ውኃ ውስጥ ሳትነክር እጇን ወደ መቀነቷ አትሰድም ነበር። የተንሳፈፈውን ታነሳና "ይሄን ለጠላትሽ ቀቅዪለት" ትላለች። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የእሷ ወንጌል ነበር። እኔም የእንስሳት ጤና ረዳትነት ተምሬ ዘመሮ ስመደብ ይህንኑ ጠባይ ተሸክሜ ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ግን፣ ወይ ጉድ፣ የአገሩ ሰው እናቴን የሚያስንቅ ሆኖ ጠበቀኝ።

አይፈረድባቸውም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ የመሬት ድልድሉ ቁስል ግን ገና አልጠገገም። ወረቀት የያዘ ሰው በዳገቱ ብቅ ሲል ከብቱ ሁሉ ወደ ጓሮ ይነዳል። "ስንት ከብት አለዎት?" ብዬ ስጠይቅ መልሱ "እግዜር ያውቃል" ነው። እግዜርስ ያውቃል፤ ሪፖርት የምጽፈው ግን ለእግዜር አልነበረም። በዚያ ላይ እኔ ደም የሚወስድ ሰው ሆኜ መጣሁ። አንዲት ጠላ ሻጭ ሴትዮ የጊደሯን ጆሮ ወግቼ ጠብታዋን መስታወት ላይ ሳሳርፍ "ግብሩን ከፈልን፣ መሬቱን ሸነሸናችሁ፣ ደማችን ነበር የቀረው፤ በሉ እሱንም ውሰዱት!" ብላ መንደሩ እስኪሰማ ጮኸችብኝ። ይህችን ሴትዮ ያዙልኝ፤ ተመልሳ ትመጣለች።

ክሊኒካችን ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበረች። መብራት የሚባል ነገር የለም። ማይክሮስኮፑ የሚሠራው ከሥሩ ባለች ትንሽ መስታወት የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለ ነው፤ መንዝ ላይ ደግሞ ፀሐይ ስትፈልግ ትወጣለች፣ ሳትፈልግ ሳምንት ትጠፋለች። ጉም ሲወርድ በሽታም አብሮ ይደበቃል። ቢሆንም ያችን ማይክሮስኮፕ እንደ ታቦት ነበር የማያት። ሰው ይዋሻል፣ ደም አይዋሽም እል ነበር። በየሄድኩበት ይህችኑ እደጋግማለሁ። ተጠራጣሪ ሰው አንድ የሚያምነው ነገር ሲያገኝ ልኩን አያውቅም፤ እኔም ልኬን አላወቅሁም።

ከከተማው አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር በመቀናጆ የሚያርሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንተ አንድ በሬ አለህ፣ እኔም አንድ በሬ አለኝ፤ አጣምደን አንድ ቀን ያንተን አንድ ቀን የእኔን እናርሳለን፤ መቀናጆ ይኸው ነው። ባለ አንድ በሬ ሰው መቀናጆ ካጣ በሬው ቆሞ ሣር ከመብላት በቀር ሥራ የለውም፤ መሬቱም ጦም ያድራል። ከሁለቱ አንደኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ሚስታቸው ሞታለች፣ ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ወደ ጀማ ቆላ ተድራለች። በሬያቸው ዳልቻ ይባላል። ሌላኛው የእኔው እኩያ የሆነ ጎልማሳ ነው፤ የእሱ በሬ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይባላል። ስድስት ዓመት አብረው አርሰዋል፤ አንድ ቀን ክፉ ቃል ሲለዋወጡ የሰማ የለም።

በመጋቢት ጎልማሳው ሚስቱን ጠበል ይዟት ሄደ። ሴትዮዋ ከወለደች ጀምሮ ከአልጋ አልተነሳችም፤ ሐኪም ቤትም ተሞክሮ አልሆነም። እዚያው ሦስት ሳምንት ከረሙ። ቦራን ለሽማግሌው አደራ ብሎ ነው የሄደው። በዚያው ሰሞን እኔ የአባ ሰንጋ ክትባት ልሰጥ መንደሯ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ሽማግሌው ሁለቱንም በሬዎች እየነዱ መጡ። "ጌታው ባይኖርም ከብቱ ለምን ይቅር" አሉኝ። ሁለቱንም ከተብኩላቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ።

ከፋሲካ በኋላ ቦራ ታመመ። ጎልማሳው ክሊኒክ ድረስ እየጎተተ አመጣው፤ በየመቶ እርምጃው እየቆመ አስቸግሮት ነበር። ፀጉሩ ቆሟል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ጎድኑ ይቆጠራል። የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርጌ አየሁት። ቀይ መሆን ሲገባው ነጥቷል። ይህ የደም ማነስ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የከብት ደም የሚያሳንሰው አብዛኛውን ጊዜ ረግረግ ላይ ከመጋጥ የሚመጣው የጉበት ትል ነው። የትሉን መድኃኒት አጠጣሁትና "በሳምንቱ ይሻለዋል፣ አትስጋ" አልኩት። በሳምንቱ ባሰበት።

"እኔ እኮ ያለ እሱ ሰው አይደለሁም" አለኝ ጎልማሳው። እንባው መጥቶ ነበር። "ሚስቴ ተኝታለች፣ ልጆቹ ገና ናቸው። ሰኔ ሳይገባ ካልቆመልኝ ምን ልዘራ ነው?"

ያኔ ቦራን ክሊኒኩ ግቢ አቆይቼ ደሙን ወሰድኩ። ከጆሮው ጫፍ አንዲት ጠብታ፣ መስታወት ላይ፣ በላዩ ሌላ ስስ መስታወት። ፀሐይ አልነበረችም። የዚያን ቀን ደም ሳላየው ደረቀ፤ በማግስቱም ጉም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወገግ አለና ሮጬ አዲስ ጠብታ ወሰድኩ፣ መስታወቷንም ወደ ብርሃኑ አዞርኳት። መጀመሪያ የታዩኝ የደም ቅንጣቶቹ ብቻ ናቸው፤ ብዛታቸውም አነሰብኝ። ከዚያ በመካከላቸው አንድ ነገር ተወራጨ። ቅንጣቶቹን ወዲያና ወዲህ እየገፈተረ፣ እንደ ኩሬ ውኃ ትል እየተጥመለመለ አልፎ ሄደ። ሌላም ተከተለው። ከዚያ በፊት መጽሐፍ ላይ ካልሆነ በቀር አይቼው አላውቅም፤ ግን ማን ይስተዋል! ገንዲ ነበር።

ገንዲ የቆላ በሽታ ነው። የሚያዛምተው የቆላ ዝንብ ነው ተብለን ተምረናል። ዘመሮ ላይ እንኳን የቆላ ዝንብ የራሳችንም ዝንብ ብርዱን አይችለው። ስለዚህ ቀና አልኩና፣ ሳላስብ፣ ከጥርሴ ሳላኝካት "ይህ በሬ ቆላ ወርዷል" አልኩ። አራት ቃል ናት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው።

ጎልማሳው ፊቱ ተለወጠ። "ቆላ? ቦራ? መቼ?"

"በዚህ ሁለት ወር ውስጥ።"

በዓይኑ ውስጥ ሳምንቶቹን ሲቆጥር አየሁት። ከዚያ ቀስ ብሎ "እኔ ጠበል ሳለሁ" አለ። "ልጃቸው ጀማ አይደለች እንዴ! ያን ሰሞን እዚያ ማረስ ጀምረው ነበር። አማቻቸው በሬ የለውም!"

"እኔ የማንንም ስም አላነሳሁም" አልኩት። አዎ፣ አላነሳሁም። በልቤ ግን ሽማግሌውን ያን ጊዜውኑ አስሬ ፈርጄባቸው ነበር። ጌታው የሌለበት በሬ፣ ቆላ ያለች ልጅ፣ በሬ የሌለው አማች፤ ለእንደኔ ያለ ጭንቅላት ይህ ሠርግና ምላሽ ነው። ማይክሮስኮፑንም እንዲያይ አደረግኩት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ አለና ያ ነገር ሲወራጭ ሲያይ "በስመ አብ!" ብሎ ወደ ኋላ ተፈናጠረ።

በማግስቱ ሽማግሌው ራሳቸው መጡ፤ ወሬው በአንድ ሌሊት ደርሷቸዋል። አልተቆጡም። "እስቲ ለእኔም አሳየኝ" አሉኝ። ፀሐይ ስለነበረች ሌላ ጠብታ አዘጋጅቼ አሳየኋቸው። ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ትል አየሁ" አሉ። "ቆላ ግን አልታየኝም።"

ሳቄ መጣ፤ ያላዋቂ ነገር መስሎኝ። "አባባ፣ ይህ ትል ሌላ አገር የለውም" አልኳቸው።

"እሺ ልጄ። አንተ ትምህርት አለህ። እኔ ግን በሬውን የትም አልሰደድኩም" ብለው ሄዱ። ሲሄዱ በጀርባቸው እያየኋቸው "አይ ሽማግሌ፣ ረጋ ያለች ውሸት" ብዬ ለራሴ አወራሁ።

መድኃኒቱ እጄ ላይ አልነበረም። የገንዲ መድኃኒት ለደጋ ወረዳ አይላክም። ይላክልኝ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ደብዳቤው በአውቶቡስ ሄደ፤ እኔም ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ቦራ ግን አልጠበቀም። አንድ ማለዳ ጎልማሳው ሲወጣ በረቱ ውስጥ ተዘርግቶ አገኘው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአገር ሽማግሌዎች ደጀ ሰላሙ ፊት ለሸንጎ ተቀመጡ። እኔም በባለሙያነት ተጠራሁ፤ ያን ቀን የለበስኩትን ጃኬት ሳይቀር አስታውሳለሁ፣ አምሮብኝ ነበር። "ደሙ ምን አለ?" አሉኝ። ያልኩትን ደገምኩት። "ስህተት ሊሆን ይችላል ወይ?" ሲሉኝ "ሰው ይዋሻል፣ ደም አይዋሽም" አልኩ። አንገታቸውን እየነቀነቁ ተስማሙ። አንድ ሰው ወደ ጀማ ተልኮ ልጅቱ ትጠየቅ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ "ሴት ልጅ በአባቷ ላይ ልትመሰክር ነው?" ተብሎ ወደቀ።

የአገሩ ደንብ እንዲህ ነው፤ ምስክር በሌለበት ነገር ተጠርጣሪው የደጀ ሰላሙን በር ይዞ ይምላል። ከማለ ነገሩ አለቀ፤ ያመነውም ያላመነውም አፉን ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ ፈራጁ ሌላ ነው። ስለዚህ የሸንጎው መሪ ሽማግሌውን "ይነሱ፣ በሩን ይያዙና 'በሬውን ቆላ አልሰደድኩም' ብለው ይማሉልን፤ እንገላገል" አሏቸው። ጎልማሳው እንኳ "ከማሉልኝ ይበቃኛል፤ ዳልቻን ይዘን ሌላ ዘዴ እንፈልጋለን" አለ። ከልቡ ነበር። ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም።

ሽማግሌው ከተቀመጡበት አልተነሱም።

"አልምልም" አሉ። "በቤታችን አይማልም። አባቴም ሳይምል ነው የሞተው። በሬውን አልሰደድኩም፤ ቃሌ ይኸው ነው።"

ሕዝቡ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። እውነት ከሆነ ምን ያስፈራል? አንዲት ቃል ናት፣ ምን ያንቃል? እኔማ በደስታ ልፈነዳ ደርሼ ነበር፤ ማይክሮስኮፔ ልክ ሆነች! አንድ ሰው ከኋላ "አደራ በላ!" አለ። ያች ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለጠፈችባቸው። መቀናጆው ፈረሰ። ጎልማሳው ከወንድሙ በሬ ተውሶ ከሌላ ሰው ጋር ተጣመደ። ሽማግሌው ግን ዳልቻን ይዘው በየደጁ ቢዞሩ አንድ የሚያጣምድ ጠፋ። ሰኔ ደግሞ እየመጣ ነበር። በዚያ ብርድ አገር ገብስ ሰኔ ላይ ካልተዘራ የለም ማለት ነው፤ ብቻቸውን ላሉ ሽማግሌ ደግሞ ገብስ ከሌለ ምንም የለም።

በግንቦት አጋማሽ ያቺ ጠላ ሻጭ ጊደሯን እየነዳች ክሊኒኬ ደጃፍ ደረሰች። ገና ከበሩ "አንተ ዶክተር ተብዬ! ና እስቲ ውጣ!" አለች። ወጣሁ። ጊደሯ ፀጉሯ ቆሟል፣ ዓይኗ ያለቅሳል። የዓይኗን ቆብ ገለጥኩ፤ ነጥቷል። ፀሐይ ነበረች። ደሟን ወስጄ አየሁ፤ ያ ክፉ ነገር እየተወራጨ ሲያልፍ አየሁት።

"ምንድን ነው? ተናገራ!"

"ገንዲ ነው" አልኩ።

"ገንዲ!" አለች። ወገቧን ይዛ ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ። "በል እንግዲያው ይቺንም ቆላ ወረደች በለኛ! ከተወለደች ከጓሮዬ ወጥታ የማታውቀውን! ሣሯን እኔ አጭጄ፣ ውኃዋን እኔ ቀድቼ! ምናልባት እኔ ስተኛ ጀማ ወርዳ አርሳ ጎህ ሲቀድ ትመለስ ይሆናል! አይጥ በበላ ዳዋ መታችሁ እናንተ ሰዎች!"

"ከጓሮሽ ወጥታ አታውቅም?"

"ለአንተ ክትባት ካልሆነ በቀር የት ትወጣለች?"

ለአንተ ክትባት። ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ።

የክትባቱ ቀን ገና ሥራ ሳልጀምር አንድ የከብት ነጋዴ ከዓለም ከተማ በኩል፣ ከቆላ የገዛቸውን በሬዎች እየነዳ መንደሯን ሲያቋርጥ ሰልፉን አይቶ ቆመ። "ወንድሜ፣ ገበያ እንዳይረፍድብኝ ይቺን አንዷን አስቀድምልኝ" አለኝ። በሬው ከሲታ ነበር፤ አስቀድሜ ወጋሁለት። ሁለተኛ የእሷ ጊደር ነበረች፤ ሰው ቦታ ያስለቅቃል እንጂ እሷን የሚያስለቅቃት የለም። ሦስተኛ ቦራ። ቦራ ስወጋው ተፈናጥሮ መርፌውን አጎበጠው፤ እየተራገምኩ ጣልኩት። ዳልቻን የወጋሁት በአዲስ መርፌ ነው።

መርፌ ያን ጊዜ እንደ ወርቅ ነበር። አንዱን ይዘህ ጎጥ ታዳርሳለህ፤ ማታ ትቀቅለዋለህ። ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንሠራው። ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን አንድ ቀን፣ በጥድፊያ፣ ገንዲ ያለበትን ከብት የነካ መርፌ ወደ ሌላው ያሻግራል ብሎን ነበር። ደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ። አስምሬ ረሳሁት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ እኔ ቀንድ አልነከስኩም፣ ሰው ነከስኩ።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ልናገር? ዝም በል። ማን ያውቃል፣ ማን ይጠይቅሃል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ቦራ ሞቷል፣ ሽማግሌው ስም ወጥቶላቸዋል፣ የእኔ ሐሳብ ግን ደመወዜ ነበር። ሴትዮዋ ደጃፌ ላይ ቆማ ባትሰድበኝ ኖሮ ዝም እል ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ለጊደሯ ደብዳቤ አልጻፍኩም። በማግስቱ በእግሬ ወደ ዓለም ከተማ ተነሳሁ፤ ገደሉን ወርጄ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ሌላውን ዳገት ወጥቼ መድኃኒቱን ለምኜ አመጣሁ። ለቦራ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፣ ለጊደሯ እግሬ እስኪላጥ ሄድኩ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲነግረኝ አልፈልግም። ጊደሯ ዳነች።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው የማይጠመድ ቀንበር ያስተካክላሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ነጋዴውን፣ ጊደሯን፣ መርፌውን። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዙኝ።

"ታዲያ ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?" አሉኝ። "እኔ አለመስደዴን ድሮም አውቃለሁ። ሄደህ ለእነሱ ንገራቸው።"

እሑድ እንደገና ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ጃኬቴን አልለበስኩም። ቆሜ ተናገርኩ፤ "በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በመርፌዬ ነው" አልኩ። በዚህ ጊዜ አንገታቸውን አልነቀነቁም። ያዩኝ ነበር፤ እናቴ እንቁላሉን እንደምታየው። የጊደሯ ባለቤት ብቻ "እኔስ ብያለሁ!" ብላ ጮኸች። የሸንጎው መሪ ግን "ያንቺ ጊደር ስለ ራሷ ትናገር" ብለው ዝም አሰኟት።

ጎልማሳው ተነሳ። ከሲታ ሆኗል። "ይቺ ወሬ ዛሬ ከየት መጣች?" አለኝ። "ያኔ ደም አይዋሽም አልክ። አሁን ዋሸ? ባለፈው ሳምንት እሳቸው ቤት ገብተህ ስትወጣ ታይተሃል። ምን አጎረሱህ?"

"ምንም አላጎረሱኝም! ልነግራቸው ነው የሄድኩት!"

"አስቀድመህ ከእሳቸው ጋር ተማክረህ፣ ከዚያ ወደ እኛ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እሺ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። በሬዬን የገደልከው አንተ ከሆንክ ይቅር ብዬሃለሁ፤ እሳቸውንም እግራቸውን ስሜ ነገ አብረን እንጠምዳለን። ግን በሩን ያዝና ማል። 'ቦራ ቆላ አልወረደም፤ የገደለው መርፌዬ ነው' ብለህ ማል።"

"ይማል!" አለ ሕዝቡ። "ልክ ነው፣ ይማል!"

አዎ፣ ይሄ ነው! አልኩ በልቤ። አንዲት ቃል ናት፣ ነገሩም ያልቃል፣ ሽማግሌው ነገ ያርሳሉ። ተነስቼ ሄድኩ። ሦስት ደረጃ ነበረው፤ ወጣኋቸው። በሩ አሮጌ የወይራ በር ነው፤ ሰው ሲይዘው ኖሮ መያዣው ለስልሷል። እጄን ዘረጋሁ።

እና እዚያው ቀረች። መርፌው ጊደሯን እንዳስያዘ አውቃለሁ። ቦራን ሊያሲዝ እንደሚችልም አውቃለሁ። ማሲያዙን ግን አይቻለሁ? ቦራስ ከክትባቱ በፊት አንድ ሳምንት ቆላ ወርዶ ቢሆን? ልጃቸው እዚያው አይደለች? አማቻቸው በሬ የለውም አይደል? የጊደሯ ትል ለቦራ ትል ምስክር አይሆንም። ያን ጊዜ ሸንጎው ፊት ያለ መሐላ ያን ያህል እርግጠኛ የነበርኩት ሰውዬ፣ አሁን ሰውን ለማዳን አንዲት ቃል ሲጠይቁኝ እሷን አጣኋት። ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። ብዙ ነበር መሰለኝ፤ ከኋላዬ አንድ ሕፃን ማልቀስ ሲጀምር ሰምቻለሁ።

"ተው ልጄ" አለ የሽማግሌው ድምፅ። "ና ውረድ።"

መጥተው እጄን ይዘው ከደረጃው አወረዱኝ። ሕዝቡ "አየህ! አየህ!" ተባባለ። ጎልማሳው ፊቱን አዞረ። ጉባኤው ተበተነ።

መንገዱን አብረን ሄድን። ወንዟ ጋ ስንደርስ ቆም አሉና "እኔ ያልማልኩት ስለ ልጄ ነው" አሉ። "ነፍሰ ጡር ናት። መሐላ እውነትም ቢሆን ዘር ይነካል ሲባል ነው ያደግኩት። አንተ ግን ልጅ የለህም። ምን ያዘህ?"

ጎንበስ ብዬ በወንዟ ውኃ ፊቴን ታጠብኩ።

"እጅህን ሳያት ነበር። በሩ ልትደርስ አንዲት ጣት ቀርቷት ቆመች። አንተም ጠርጥረኸኛል።"

"አባባ፣ እኔ እኮ..."

"ሌላው ቢጠረጥረኝ አይደንቀኝም። እነሱ የነገርካቸውን ነው ያመኑት። አንተ ግን መርፌውን የያዝከው ራስህ ነህ።" አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። "በል ደህና ግባ" ብለው ወንዟን ተሻገሩ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጣለ፤ መንደሩ ሁሉ ሲያርስ የእሳቸው ማሳ ብቻ አረም ለበሰ። በመጨረሻ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጡና ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ተነሱ። ዳልቻን ምን ያድርጉት? እዚህ የሚያጣምድላቸው የለም፤ እዚያ ደግሞ አማቻቸው በሬ ይፈልጋል። ይዘውት ሄዱ። የሚሄዱበትን ቀን ሰምቼ ለበሬው የሚሆን የገንዲ መድኃኒት በወረቀት ጠቅልዬ መንደሩ ጫፍ፣ ቁልቁለቱ የሚጀምርበት ላይ ጠበቅኋቸው። ተቀበሉኝ፤ አመሰገኑኝም። ሰዉ በየደጃፉ ወጥቶ ያያል። አንዱ "አላልንም?" አለ፤ ሌላው ሳቀ።

ሽማግሌው ከኋላ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አግድመው ይከተላሉ። ዳልቻ ከፊታቸው ቀደመ፤ ማንም ሳይነዳው፣ መታጠፊያው ጋ እንኳ ሳያመነታ፣ ቁልቁለቱን ተያያዘው። እኔም፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ እዚያው ቆሜ "ይህ በሬ መንገዱን ያውቀዋል እንዴ?" ብዬ አሰብኩ።